መኪናው የቆመበት ቀን የማን ነው?

ደብዳቤው፦ «እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአዘዞ ልጅ ነኝ፤ 28 ዓመቴ ነው። እስካሁን የሰው አይሱዙ ስነዳ ነው የኖርኩት፤ ጡብና አሸዋ፣ ከተማ ውስጥ፣ ሲርቅ እስከ ደባርቅና ወረታ። ዘንድሮ ደረቅ 3 መንጃ ፈቃድ፣ የተሳቢውን፣ አወጣሁ። አንድ ባለሀብት ሲኖትራክ ከነተሳቢው ሊያስረክቡኝ ነው። «የምትሠራው ክልል ውስጥ ብቻ ነው፤ መተማ፣ ደባርቅ፣ ባሕር ዳር፣ አልፎ አልፎ አዲስ አበባ። በሳምንት ሁለት ሌሊት ቤትህ ታድራለህ» ብለውኛል። ደሞዙ አሁን ከማገኘው ብዙም አይበልጥም፤ አበሉ ግን ጥሩ ነው ይላሉ። ባለቤቴ የሦስት ወር ልጅ ታቅፋለች። እናቴ ስለ መንገዱ የምትሰማውን እየሰማች «እምቢ በል» ትለኛለች። ምን ይጠብቀኛል? ደግሞ የታላቅ እህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው፤ ረዳት ላድርገው ወይ?»

መልስ፦ እንዴት ሰነበትህ የአዘዞው? ባለቤትህን እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ፤ ሦስት ወር ቢያልፈውም አልረፈደም።

ደብዳቤህን ሳነብ አንድ ነገር አሳቀኝ። አዲስ አበባ መቼ ነው ክልላችን ውስጥ የገባችው? በባሕር ዳር በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሀሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ። «አልፎ አልፎ» ሲሉህ በወር ስንቴ እንደሆነ ጠይቀህ ቢሆን ደግ ነበር። እኔ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በአንድ የጭነት ማኅበር ስምሪት ክፍል ነው። መሪ ጨብጬ አላውቅም። ግን የትኛው መኪና የት እንደቆመ፣ ለምን እንደቆመ፣ ሹፌሩ ስንት ብር ይዞ ወጥቶ ስንት ይዞ እንደተመለሰ ከባለንብረቱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ስለ ገንዘቡና ስለ ወረቀቱ የምነግርህ ከዚያ ጠረጴዛ ሆኜ ያየሁትን ነው። ስለ ማርሽና ፍሬን የምለው ደግሞ ሹፌሮች ጠረጴዛዬን ተደግፈው ሲያወሩ የሰማሁትን ነው፤ እነሱም ሲያወሩ አይደክማቸውም።

ስለምትነዳባቸው ቀናት ብዙ ጠይቀኸኛል። ስለምትቆምባቸው ግን አንድም አልጠየቅክም፤ የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ደግሞ እሱ ነው። የመተማን ምልልስ እንውሰድ። ከጎንደር መተማ ዮሐንስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አስፋልት ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ማልዶ ከአዘዞ የተነሳ መኪና በአይከል፣ በነጋዴ ባህር አድርጎ በዚያው ቀን ከመተማ ዮሐንስ መለስ ያለችው ገንዳ ውሃ ይገባል። ከዚያስ? ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰሊጥ ሲነሳ መጋዘኑ በር ላይ የመኪና ሰልፍ አለ። ናሙና ይወሰዳል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ይመዘናል። ጫኝና አውራጆች በዋጋ አይስማሙም፤ ሲስማሙ ደግሞ ምሳ ሰዓት ይሆናል። ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው ሰው ለቅሶ ሄዷል ትባላለህ። ነገ ይመጣል፤ ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው። መንገዱ የአንድ ቀን፣ ሥራው የአራትና የአምስት ቀን የሚሆነው በዚህ ነው። ጭነቱን አራግፈህ አዘዞ ስትመለስ ደግሞ ደላላው «ነገ ጭነት አለ» እያለ ሦስት ቀን ያስቆምሃል። ክረምት ሲገባ ይብሳል፤ የቆላው እርሻ ገና አረም ላይ ስለሆነ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ እህል ይቀንሳል፣ ከአስፋልቱ ወጣ ያለው የእርሻ መንገድም ጭቃ ይሆናል። ከመተማ ማዶ ያለችው የሱዳኗ ጋላባት ናት፤ ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የድንበር ላይ ንግዱ ዛሬ ደርቶ ነገ ቀጥ ሊል የሚችል ሆኗል።

እንግዲህ ባለሀብቱን የምትጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው፤ አበሉ የሚታሰበው በምልልስ ነው በአዳር? «በምልልስ» ካሉህ፣ ገንዳ ውሃ ላይ ተሰልፈህ ያደርክባቸው ሌሊቶች በሙሉ ከኪስህ ናቸው። የአንተ ምግብ፣ የረዳትህ ምግብ፣ በዚያ ሙቀት የምትጠጡት ውሃ ሁሉ ከዚያችው አበል ይወጣል። በወረቀት ላይ ያማረው አበል ወሩ ሲያልቅ ከአይሱዙው ደሞዝ ያነሰባቸው ሹፌሮች ብዙ አይቻለሁ። ከጎንደር ውጪ ላደርክበት ለእያንዳንዱ ሌሊት፣ መኪናው ሄደም ቆመ፣ ቁርጥ ያለ ሂሳብ ይኑርህ። ክረምት ላይ መኪናው ግቢ ውስጥ ሲቆም ደሞዝህ ሙሉ ይከፈል እንደሆነ ጠይቅ። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠባቂ ሆነህ የምትቀመጥበትንም አትርሳ፤ እሱ ቀን ከሁሉም የከፋው ነው፤ ጥለኸው አትሄድ፣ ተኝተህ አታርፍ።

ይህን ሁሉ በቃል ተነጋግረህ «እሺ ጋሼ» ብለህ እንዳትወጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች ጽፎና ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ እንዲሰጥህ ያዛል። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። የጡረታ መዋጮ ከአንተ 7 ከመቶ ሲቆረጥ እሳቸው 11 ከመቶ ይጨምራሉ፤ ይከፍሉልህ እንደሆነ ዛሬ ጠይቅ፣ እንደ እኔ ፀጉርህ ሲሸብት አይደለም። ብዙ ባለንብረት ወረቀት ሲባል ይከፋዋል፤ «አታምነኝም ወይ?» ይላል። ታምናቸዋለህ፤ ወረቀቱ እሳቸው ባይኖሩ ልጆቻቸው ወይ የሂሳብ ሠራተኛቸው ለሚጠይቁህ ነው። እንዲህ በል፣ በትሕትና። ወረቀቱን ጨርሶ እምቢ ካሉ ግን ደግመህ አስብበት።

ቀጥሎ በእጅህ የሚሰጥህ ብር ነው። ለናፍጣ፣ ለኮቴ (መኪና ከተማ ሲገባ ለሚጠየቀው ክፍያ)፣ ለጎሚስታ፣ ለጫኝና አውራጅ የሚሆን ገንዘብ ይዘህ ትወጣና ስትመለስ ታወራርዳለህ። ሹፌርና ባለንብረት የሚጣሉት በሌላ በምንም አይደለም፣ በዚህች ብር ነው። ግማሹ ክፍያ ደረሰኝ የለውም። ናፍጣ በቴሌብር ስትቀዳ ማስረጃው ስልክህ ላይ ይቀራል፤ ማደያው ደርቆ ሰልፉ ሁለት ቀን ሲቆይ ግን ባለንብረቱ ደውለው «ካገኘህበት ቀድተህ ና» ይላሉ፤ ከጥቁር ገበያ በጀሪካን ቅዳ ማለታቸው ነው። ሂሳብ ሲደርስ ዋጋው ሊረሳቸው ይችላል። ሕገ ወጥ መሆኑም አለ፤ ቢያዝ የሚጠየቀው ጀሪካኑን የያዘው ነው። ስለዚህ «እጠብቃለሁ» ማለትን ልመድ፤ የመጠበቂያው አዳርም ይከፈል። የናፍጣ ኖርማም፣ ማለትም ለኪሎ ሜትሩ የሚፈቀድ የናፍጣ ልክ፣ ካላቸው፣ ባዶና ጭነት፣ ሜዳና ዳገት ለየብቻ የተሰላ መሆኑን አረጋግጥ። በሜዳ ኖርማ አይከልን የወጣ መኪና ሁልጊዜ ባለዕዳ ነው።

አንድ ሹፌር ነበረን፤ ተማሪዎች የሚይዙትን ደብተር በገመድ አስሮ ጋቢናው ውስጥ የሚያንጠለጥል። ጽሑፉ እንዲህ ነበር፦ «አይከል መግቢያ፣ ኮቴ፣ ደረሰኝ የለም፣ ረዳቴ አይቷል።» «ገንዳ ውሃ፣ ጎማ ማስለጠፊያ፣ የኋላ ግራ ውስጠኛው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት።» ከጎኑ የብሩ ልክ አለ፤ አንዳንዱ ላይ የጎሚስታው ጥቁር ጣት አሻራ ሳይቀር አለበት። ጓደኞቹ «የኔታ መጡ» እያሉ ይስቁበት ነበር። ሂሳብ በሚወራረድበት ቀን ግን እነሱ ላብ ያራሰው ብጣሽ ወረቀት ከኪሳቸው እያወጡ በቅዱስ ገብርኤል ሲምሉ፣ እሱ ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። አንድ ጊዜም ሂሳብ ጎደለበት ሲባል አልሰማሁም። አንተም ደብተር ግዛ።

ሰሊጥ ስትጭን ደግሞ ካሶኒውን፣ የጭነት ሳጥኑን፣ ራስህ ጥረግ፤ ለረዳት አትተወው። አንዲት ብቅ ያለች ምስማር ጆንያ ከቦጨቀች ሰሊጥ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው፤ አዘዞ ደርሰህ ሸራው ሲገለጥ ነው የምታውቀው። ሲጫን ቁመህ ቁጠር። ጭነቱ ፕሎምፕ ከተደረገ፣ ማለትም ቁጥር ባለው ማኅተም ከታሸገ፣ ቁጥሩን ደብተርህ ላይ ጻፍ፤ ሲራገፍም ፕሎምፑ ሳይነካ መድረሱን የሚቀበልህ ሰው ይፈርምልህ። ኪሎ ጎደለ ተብሎ ከደሞዝህ ሊቆረጥ ቢፈለግ፣ ሕግ ወይም ፍርድ ቤት ወይም የኅብረት ስምምነት ካልፈቀደ፣ አለዚያም አንተ በጽሑፍ ካልተስማማህ አይቆረጥም። ሲቆረጥም በወር ከደሞዝህ አንድ ሦስተኛ አያልፍም። ይህን የማያውቁ ልጆች የሁለት ወር ደሞዛቸውን ጠቅላላ አስረክበው ሲወጡ እያየሁ አንጀቴ ያርር ነበር። ሚዛን ላይ ደግሞ «ትንሽ ጨምርበት» የሚል ትእዛዝ ከመጣ፣ ቅጣቱም ፍሬኑም የሚመጣው በአንተ ላይ መሆኑን አስብ።

ስለ ፍሬን ካነሳን፣ ከአይሱዙ የመጣ ሹፌር ሁሉ የሚፈተነው ቁልቁለት ላይ ነው ይላሉ ሹፌሮቹ። አይሱዙ ፍሬኑን ረግጠህ ታቆመዋለህ። 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ ግን በፍሬን ብቻ አይወርድም። አይከል ደጋ ናት፣ ብርድ አላት፤ ከዚያ ወደ ገንዳ ውሃ ስትወርድ ጆሮህ ጥው እስኪል ነው የምትወርደው። ሲሚንቶ ወይም ማዳበሪያ ጭነህ ፍሬን ላይ እግርህን አሳርፈህ ከወረድክ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻ ብትረግጠውም አይዝም። መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ፍሬን መውረድ ነው። የድሮ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ናፍጣ እቆጥባለሁ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚለቅ ሹፌር አለ፤ ከእንደዚህ ዓይነቱ ጋር ጋቢና ውስጥ እንኳ አትቀመጥ። ከደባርቅ አለፍ ብሎ ያለውን የሊማሊሞን ቁልቁለት ለብቻው አስበው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን በገደሉ ላይ የጠረበው መንገድ ነው፣ መጠምዘዣዎቹ ለተሳቢ ጠባብ ናቸው፣ ጉሙም አለ። እስክትለምድ ድረስ ተሳቢ ይዤ ሊማሊሞ አልወርድም የማለት መብት ይኑርህ፤ ይህንም ቀድመህ ተናገር። የዓባይ በረሃ ደግሞ ከደጀን ወርዶ ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት ነው፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወርደህ ያንኑ ያህል ትወጣለህ። መኪናህን ከላይ አቁመህ የፍሬን አየሩን፣ ጎማውን፣ የተሳቢውን ማያያዣ በእጅህ ነክተህ ሳታይ አትግባበት። ታኮ፣ ጎማ ሥር የሚሸጎጠው ማገጃ፣ ከጋቢናህ አይጥፋ፤ ድንጋይ ተጠቅሞ አስፋልት ላይ ጥሎ የሚሄድ ሹፌር ከኋላው ለሚመጣው ወጥመድ ትቶ እንደሄደ ይቆጠራል።

ወደ ኋላ መመለሱ ያሳፍርህ ይሆናል፤ ተሳቢ እንደ አይሱዙ አይታዘዝም። አዘዞ ላይ ሰፊ ሜዳ ፈልገህ፣ ባዶውን፣ እሑድ ጠዋት ተለማመድ። የሚስቅ ይሳቅ።

አሁን እናትህ ወዳሉት ነገር። የጎንደር መተማ መስመር ባለፉት ዓመታት እገታ በተደጋጋሚ የተሰማበት መስመር ነው። ሹፌርና ረዳት ከጋቢና ወርደው ተወስደዋል፣ ቤተሰብ ገንዘብ ተጠይቋል፣ ተከፍሎም ያልተመለሱ አሉ። በባሕር ዳሩም መስመር መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ይህን ለማለዘብ ብሞክር እናትህ ይፈርዱብኛል። እኔ «አትግባበት» አልልህም፤ በዚህ መንገድ እንጀራ የሚያበሉ ስንትና ስንት ወንድሞች አሉና። ግን ከባለሀብቱ ጋር አፍ አውጥታችሁ ተነጋገሩ፤ «ብታገት ምን ታደርጋላችሁ?» በላቸው። ደስ አይልም፣ አውቃለሁ። መልሱን ስትሰማ ግን የሰውየውን ማንነት ትረዳለህ። «እግዜር አያምጣው» ብለው ወሬ ከቀየሩ መልሳቸው እሱ ነው ብለህ ያዝ። ሁለተኛ፣ «ዛሬ መንገዱ ጥሩ አይደለም፣ አልወጣም» ስትል ደሞዝህ እንደማይነካ ቃል ይግቡልህ። መውጣት አለመውጣትን በቢሮ ከተቀመጠ ሰው አትቀበል፤ ያን ዕለት ጠዋት ከታች የመጣውን ሹፌር አዘዞ ላይ ጠይቅ፣ እሱ ነው የሚያውቀው። ለብቻህ አትሂድ፤ መኪኖች ሲሰባሰቡ ተያይዛችሁ ውጡ፣ ሳይጨልምም ግቡ። የምትነሳበትን ሰዓት ለሻይ ቤት አታውራ። ጭነትህን ከጀርባ አድርገህ ፎቶ እየተነሳህ ቲክቶክ ላይ የምትለጥፍ ከሆነ አሁኑኑ ተው። ስልክ የሚፈተሽባቸው ኬላዎች ስለሚያጋጥሙ የፖለቲካ ቪዲዮና ፎቶ ስልክህ ላይ አይኑር፤ የማንም ወገን ይሁን።

ሰው አትጫን። ሰኔና ሐምሌ ላይ ለሰሊጥ አረም ወደ ቆላ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች መንገድ ዳር ቁመው እጃቸውን ያነሳሉ፤ ጭነት ላይ እንውጣ ይሉሃል፣ ያሳዝናሉ። ተሳቢ ላይ የወጣ ሰው ቁልቁለት ላይ ሲገለበጥ የሚሆነውን ከስምሪት ስልክ ብቻ ነው የሰማሁት፤ እሱ ይበቃኛል። ከሁሉ ደግሞ «እስከ መተማ ብቻ አድርስልኝ፣ ጥሩ እከፍላለሁ» የሚልህ ደላላ ይመጣል። ያ መስመር ስደተኛ በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ሱዳን የሚሻገርበት ነው፤ ልጆቹን ጋቢናህ ውስጥ ካገኙ አዘዋዋሪ ተብለህ ትከሰሳለህ፣ የዓመታት እስራት ነው። ስትመለስም «ይቺን ካርቶን ለወንድሜ ስጥልኝ» የሚል አለ። ጉምሩክ ካርቶኗን ሲከፍት ወንድምየው አይገኝም።

ሰው ብትገጭስ? መንገዱ ገበያ መሀል ያልፋል፤ ከብት፣ ሕፃን፣ ከለቅሶ የሚመለስ ሕዝብ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ያስቀጣል፤ ግልጽ የሆነ ደንብ ተጥሶ ከሆነ ወይም ከአንድ በላይ ሰው ከሞተ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አለው። አትሽሽ፤ ቀጥታ ቅርብ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ገብተህ እጅህን ስጥ። ለሕጉም ይበጅሃል፣ የሟች ወገንም ተናዶ ከሚያገኝህ ፖሊስ እጅ ብትሆን ይሻላል። ከዚያ በኋላ ያለው የሽማግሌ ሥራ ነው፤ በእኛ አገር እርቁ ከፍርድ ቤቱ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ካሳውም ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ሦስት ነገር አስቀድመህ ጠይቅ፤ ዋስ ማን ይሆናል? ታስሬ ሳለሁ ቤተሰቤ ምን ይበላል? ለእርቁ ሽማግሌ የሚልከው ማነው? ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ጊዜው እንዳላለፈበትም መኪናውን ስትረከብ በዓይንህ እይ። በሥራ ላይ አንተ ብትጎዳ ግን አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሆነ አዋጁ ይናገራል፤ «የራስህ ጥፋት ነው» ብለው ሊያሰናብቱህ ቢሞክሩ ይህን አስታውስ።

ጤናህን በተመለከተ ቆላው ወባ አለው፤ አጎበር ጋቢና ውስጥ ይኑር። ካላዛርም አለ፤ የሚያስተላልፈው በዓይን የማይሞላ የአሸዋ ዝንብ ነው፣ ሌሊት ከግራር ሥር ማደር ደግሞ ያጋልጣል። ሙቀቱ ሲበረታ ሹፌሮች ምንጣፍ ይዘው ዛፍ ሥር የሚወርዱት ይህን ባለማወቅ ነው። ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈህና ከከሳህ ወባ ነው ብለህ መድኃኒት ገዝተህ አትዋጥ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምና አለ፣ እዚያ ሂድ። ስለ ጫቱ ብዙ አልመክርህም። እንቅልፍ የሚያባርረው እንቅልፍ ነው፤ ለማደር የሚሆን ሰዓትና አበል ካልሰጡህ ችግሩ የስምሪቱ ነው።

«በሳምንት ሁለት ሌሊት» ስላሉት ነገር፣ በሰሊጥ ወቅት አትጠብቀው። ከታኅሣሥ በኋላ ይገኝ ይሆናል። ለባለቤትህ «ማክሰኞ እመጣለሁ» አትበላት፤ «ስነሳ እደውላለሁ» በላት፤ ያልመጣህበት ማክሰኞ ሁሉ በእሷ ላይ የፍርሃት ቀን ነው። ጥምቀትን ከቤትህ ማሳለፍ ከፈለግክም ከአሁኑ አስመዝግብ፤ ጥር 10 እና 11 ጎንደር ውስጥ ተሳቢ ይዞ መግባትም መውጣትም አታስበው፣ ስለዚህ ወይ እዚህ ትቆማለህ ወይ ሌላ ከተማ ላይ ቆመህ በቴሌቪዥን ታያለህ። የረዳትህን፣ የባለንብረቱንና አብረውህ የሚወጡትን የሁለት ሹፌሮች ስልክ ጽፈህ ስጣት። ደሞዝህ በስሟ ቢገባ ደግሞ እኔ በበኩሌ አልቃወምም።

ከመፈረምህ በፊት አንድ ሥራ አለህ። ከአንተ በፊት ያንን ሲኖትራክ ይነዳ የነበረው ልጅ አሁን የት ነው ያለው? አዘዞ ትንሽ ናት፣ ታገኘዋለህ። ለምን እንደወጣ ጠይቀው፤ የመጨረሻ ወር ደሞዙን አግኝቶ እንደሆነም ጠይቀው። «ሌላ ትልቅ መኪና አግኝቼ ነው» ካለህ ደስ ይበልህ። ዝም ብሎ ፈገግ ካለ ሻይ ጋብዘውና እስኪናገር ጠብቅ። ባለሀብቱንም አንድ የመተማ ምልልስ ከሌላ ሹፌራቸው ጋር ጋቢና ተቀምጠህ እንድትሄድ ለምናቸው፤ የሚያስቡ ሰው ከሆኑ እሺ ይላሉ፣ መኪናው የእሳቸው ነውና።

የእህትህን ልጅ አትውሰደው። 17 ዓመቱ ከሆነ አዋጁ ወጣት ሠራተኛ ይለዋል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉ ልጆች ዕቃ በሚያመላልስ የመንገድ ትራንስፖርት ላይ ከባድ ነገር በማንሳትና በመግፋት ሥራ እንዳይሠሩ ይከለክላል፣ በሌሊትም አይሠሩም። የረዳት ሥራ ደግሞ ሌላ ምን አለው? ጎማ መፍታት፣ ሸራ መሳብ፣ ሌሊት ጭነት መጠበቅ ነው። ሕጉን እንኳ ተወው፤ አንድ ነገር ቢደርስበት ከእህትህ ቤት ደጃፍ እንዴት ትቆማለህ? ትምህርቱን ይጨርስ፣ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ካማረው በጊዜው ያወጣል። አንተ ግን ቆላውን የሚያውቅ፣ በዕድሜ ጠና ያለ ረዳት ፈልግ፤ ገንዳ ውሃ ላይ በስሙ የሚጠሩት ዓይነት። አበሉ ከአንተ አበል እንዳይወጣም ያው ወረቀቱ ላይ አስጽፍ።